የሹፌሩ አጃቢዎች

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የሹፌሩ ቤት የመታጠቢያ ግድግዳ ግን እንደ ካርቶን ስስ ስለሆነ የዚያን ቀን ጠዋት ተረቱ አልሠራም። ፊቱን ሳሙና ቀብቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቧንቧውን ሊከፍት እጁን ሲዘረጋ ከማዶ ከወጥ ቤቱ የሚስቱ ድምፅ መጣ። "ዛሬ ያንተ ተራ ነው" ትላለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ኮፍያህን አድርግ። ደግሞ እንደ ባለፈው ጋዜጣውን ዘቅዝቀህ እንዳትይዝ።" ታናሽ ወንድሟ ፀጉር አስተካካዩ፣ አፉ ዳቦ እንደሞላ በሚያስታውቅ ድምፅ፣ "እታለም፣ ጠዋት ሁለት ደንበኛ ቀጥሬያለሁ እኮ" አለ። "ፀጉር ማደጉን አይተውም፤ ነገ ትቆርጥላቸዋለህ። ከኋላ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥ። ማክሰኞ እኔ ቀረብ ብዬ ተቀምጬ ዘወር ሲል ለትንሽ ነው የተረፍኩት።" ሳሙናው ሹፌሩ ዓይን ውስጥ ገብቶ ያቃጥለዋል። እሱ ግን ቧንቧውን አልከፈተም።

ሹፌሩ ሃያ ሁለት ዓመት የአሥራ ሰባት ቁጥር አውቶቡስ ነድቷል። ከስምንት ወር በፊት ግን ድልድዩ ላይ፣ ስልሳ ሰው ጭኖ፣ ልቡ ያለምንም ምክንያት መደለቅ ጀመረ። እጁ ደነዘዘ፣ ትንፋሽ አጠረው፣ በቃ መሞቴ ነው ብሎ ፍሬኑን ይዞ መሪው ላይ ተደፋ። ሆስፒታል ልቡን መርምረው የጎረምሳ ልብ ነው አሉት፤ ሕመሙ የጭንቀት ሕመም ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ መንዳቱ ቀርቶ መሳፈሩም አልሆነለትም። አሁን አሥራ አንድ ሳምንት ሆኖታል፣ ከምታክመው ሐኪም ጋር ያወጡት እቅድ የማቀዝቀዣው በር ላይ ከተለጠፈ። አሥራ ሁለት ደረጃ አለው፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ። የቆመ አውቶቡስ ውስጥ አምስት ደቂቃ መቀመጥ። ከሚስት ጋር አንድ ፌርማታ። ብቻ አንድ ፌርማታ፣ ብቻ ሦስት፣ ብቻ ሰባት። ከየደረጃው ጎን ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የፍርሃቱ መጠን ከመቶ፣ "ምን ይደርስብኛል ብዬ ፈራሁ" እና "ምን ደረሰ" የሚሉ ረድፎች አሉ። አንድ ደረጃ አልፎ በገባ ቁጥር የልጅ ያህል ደስ ብሎት ምልክት ያደርጋል፤ ሚስቱም "እሰይ! ብቻህን!" ብላ ታጨበጭባለች። ለካስ አጨብጫቢዋ በዚያው አውቶቡስ ተከትላው ሄዳ፣ በአቋራጭ ቀድማው የገባች ናት።

መታጠቢያ ቤት ቆሞ ያለፉትን ሳምንታት አንድ በአንድ ሲያስታውስ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ሚስቱ ጉልበቴን አመመኝ ብላ በምትሠራበት የልብስ ንጽሕና መስጫ ከጠዋት ፈረቃ ወደ ከሰዓት የተዛወረችው ለካ ጉልበቷ ደህና ነበር። ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጡረተኛዋ ነርስ አንድ ቀን በማይሄዱበት ሰፈር አውቶቡስ ውስጥ ሲያገኛቸው "ዓለም ጠባብ ናት" ብለው ስቀው ነበር። እሱም አብሯቸው ሲስቅ ቆይቶ ቦርሳቸውን ተሸክሞላቸዋል። ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን በጠዋት የሚዘጋው፣ እሱ እንዳለው፣ መብራት እየጠፋ አልነበረም። ሹፌሩን በመጀመሪያ የተሰማው ንዴት አይደለም፤ ኀፍረት ነው። ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ስልሳ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያደርስ ሰው፣ ቤተሰቡ ተራ ገብቶ እንደ ድክ ድክ ባይ ሕፃን ሲጠብቀው ከርሟል። ንዴቱ የመጣው ዓይኑን ታጥቦ ሲጨርስ ነው።

ቁርስ ላይ ሻዩ ቀዘቀዘ። ፀጉር አስተካካዩ የጠረጴዛውን ልብስ ክር እየመዘዘ ቆይቶ ሱቅ ልክፈት ብሎ ወረደ። ሚስቱ ዓይኗን በጨው አጥባ ወደ ማቀዝቀዣው በር ዞረችና "ዛሬ የመጨረሻዋ ደረጃ ናት አይደል? አምስት ሰዓት ላይ?" አለች። "አዎ። ሦስት ሰዓት ሐኪሟ ጋ፣ አምስት ሰዓት ላይ ደግሞ መስመሩን እስከ ጫፍ። አሥራ ዘጠኝ ፌርማታ።" "ብቻህን?" አለች፣ ሳህን እያነሳች። "ብቻዬን" አለ፣ ጀርባዋን እያየ። ሁለቱም የሚያውቁት አንድ ነገር ነበር፤ ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሹፌሩ አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ዴፖ መገኘትና ከአሠልጣኝ ጋር መሪ መጨበጥ አለበት። ካልተገኘ ድርጅቱ ስምንት ወር የጠበቀለትን ቦታ ለሌላ ይሰጣል። ስለዚህ ዛሬ ያችን አሥራ ሁለተኛ ደረጃ መውጣት እንደሚችል ማወቅ ነበረበት፤ ለሚስቱ ሳይሆን ለራሱ። ያለፉት አሥራ አንድ ደግሞ የራሱ መሆናቸውን ተጠራጥሯል።

የሐኪሟ ክፍል ከአንድ ጥርስ ሐኪም ቤት በላይ ነው። ለጭንቀት ታካሚ የተመረጠ ቦታ! ሰው ነፍሱን ሊያረጋጋ መጥቶ ከወለሉ ሥር መሰርሰሪያ ሲጮህ ይሰማል። ሁለት ወንበሮች አሉ፤ አንዱ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ እሱ ላይ የምትቀመጠው እሷ ናት። ከሹፌሩ በአሥራ አምስት ዓመት ታንሳለች። "ዶክተር አይደለሁም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ" ብላ ብላ ስለደከማት አሁን ዶክተር ሲላት ዝም ትላለች። ወረቀቱን ከማቀዝቀዣው በር ላይ ነቅሎ አምጥቶት ነበር፤ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠው።

"ይኸውልሽ ዶክተር፤ አሥራ አንድ ሳምንት የሠራነው ሁሉ ውሸት ነው" አለና የሰማውን ነገራት። የጋዜጣውን ነገር ሲነግራት ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ግን አልሳቀችም። እስክርቢቶዋን አስቀመጠች።

"ሲከተሉዎት ያውቁ ነበር?"

"ባውቅማ ኖሮ!"

"እንግዲያው ብቻዎን ነበሩ" አለች። "ፍርሃትዎ ከኋላ ሦስተኛው ወንበር ላይ ማን እንዳለ አላየም። የፈሩትም እርስዎ፣ ሳይወርዱ የቆዩትም እርስዎ ነዎት። ያንን ማንም አልቆየልዎትም።"

ሹፌሩ አላመናትም። ሞግዚት ያለው ሕፃን ብቻዬን ተራመድኩ ቢል ማን ያምነዋል ብሎ ተከራከራት። እሷም ከሰማችው በኋላ ያልጠበቀውን ነገር ተናገረች፤ ጥፋቱ የእኔም ነው አለችው። እቅዱን ሲያወጡ ሚስቱን እዚህ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነበረባት። እሷ ግን ቀንና ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት ወደ ቤት ልካ ማን እንደሚያነበው ሳትጠይቅ ቀረች። "ያ ወረቀት ለእርስዎ መሰላል ነበር፤ ለእነሱ የጥበቃ ፕሮግራም ሆነ" አለች፣ በራሷ እንደመናደድ ብላ። ከዚያ ሐሙስ ባለቤትዎን ይዘው ይምጡና ሦስታችን እንደገና እናቅድ፣ የዛሬውን እናቆየው አለችው።

"ሐሙስ ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል፣ ዶክተር። ዛሬ ነው እንጂ።" ቀጥሎም ዓይኑን መስኮቱ ላይ አድርጎ፣ "ደግሞስ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ" አለ።

"ስንት ጊዜ ደረሰ? እንቁጠር" አለችና ወረቀቱን ወደ እሱ አዞረችው። ቆጠሩ። ይደርስብኛል ብሎ የጻፈው ሃያ ስድስት ጊዜ ነው፤ ልቤ ይቆማል፣ እወድቃለሁ፣ እጮሃለሁ፣ ሰው ይስቅብኛል። "ምን ደረሰ" በሚለው ረድፍ ሃያ ስድስት ጊዜ የጻፈው፣ በእሱ በራሱ የእጅ ጽሑፍ፣ "ላብ" ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ "ላብ፣ ደግሞ ፌርማታ አለፈኝ" ይላል። ለአሥራ ሁለተኛዋ ደረጃ ምን ይጻፍ አለችው። ብቻዬን ወድቄ፣ የማን ባል የማን ወገን እንደሆንኩ የሚያውቅ ሰው ሳይኖር መቅረት አላት። ከመቶ ስንት ስትለው ትናንት ቢሆን ስድሳ፣ ዛሬ ዘጠና አለ። ጻፈችው። በእቅዱ መሠረት ስልኩን፣ የውሃ ጠርሙሱንና ለስምንት ወር ኪሱ ውስጥ የዞረችውን፣ ጨርሶ ያልዋጣትን አንዲት ክኒን ጠረጴዛዋ ላይ ትቶ ተነሣ። በር ላይ ሲደርስ "የሚሄዱት ከሰው ለማምለጥ ነው ወይስ ለመማር?" ብላ ጠየቀችው። "ለመማር" አለ። አፉ ነው እንዲህ ያለው፤ ሆዱ ሌላ ነገር ይል ነበር።

አምስት ሰዓት ላይ አውቶቡሱ መጣ። ሹፌሩ መካከለኛው በር አጠገብ ተቀመጠ። ሁለተኛው ፌርማታ ላይ አንድ ኮፍያና ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ጋዜጣ የያዘ ሰው በኋላ በር ገባ። ጋዜጣው ዛሬ አልተዘቀዘቀም። ሹፌሩ በመስኮቱ መስታወት ውስጥ እያየው ፀጉር አስተካካዩ ከኋላ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠና፣ አንዲት እናት ልጇን ይዛ አጠገቡ ስትመጣ ተነሥቶ፣ ሌላ ቦታ ፈልጎ፣ መልሶ እዚያው አካባቢ ዘንግ ይዞ ቆመ። ምስኪን፣ ሥራውን አክብሮ ነው የሚሠራው። ሹፌሩ ደሙ ፈላ። ስድስተኛው ፌርማታ ላይ፣ ግማሹ አውቶቡስ በሚወርድበት የገበያ ሕንፃ፣ ከሰው መሃል ተቀላቅሎ በመካከለኛው በር ወረደ። ፀጉር አስተካካዩም ደንግጦ በኋላ በር ዘለለ። አውቶቡስ በር ከመዘጋቱ በፊት ሁለት ጊዜ ይተነፍሳል፤ በሁለቱ ትንፋሽ መሃል የሚያውቅበት ሰው መግባት ይችላል። ሃያ ሁለት ዓመት በሩን የዘጋ ሰው ደግሞ ያውቅበታል። ሹፌሩ በሁለት እርምጃ ወደ ፊት ሄዶ በፊተኛው በር ተመልሶ ገባ፣ በሩም ከኋላው ተዘጋ። ፀጉር አስተካካዩ አስፋልት ዳር፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ሹፌሩ ሳቀ። አጠገቡ የተቀመጡ ሴትዮ ዘወር ብለው እስኪያዩት ድረስ ትከሻው እየተነቃነቀ ሳቀ። ከስምንት ወር ወዲህ እንዲህ ስቆ አያውቅም። ሳቁ ሁለት ፌርማታ ቆየ። ሦስተኛው ላይ ድልድዩ መጣ፤ ድልድዩ መሃል ላይ ደግሞ መንገዱ ተዘግቶ አውቶቡሱ ቆመ። ፊት ለፊት ጭነት መኪና፣ ጎን የብረት መደገፊያ፣ ከሥር ውሃ። ሞተሩ ሲጠፋ ሹፌሩ ራሱ ሳያውቀው ዘወር ብሎ ከኋላ ሦስተኛውን ወንበር አየ። እናትየዋና ልጇ ናቸው። ዘንጉን የያዘ የለም። ያን ጊዜ መጣበት፤ ከደረቱ ጀምሮ ወደ ክንዱ፣ ወደ ጣቶቹ፣ ወደ ከንፈሩ። እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ ስልክ የለም፣ ክኒን የለም። ሲያመልጠው የሳቀበትን ያንን ባለ ኮፍያ ሰው አሁን ቢያገኘው እግሩ ላይ በወደቀ ነበር። ጠዋት ኀፍረት የሆነበት ነገር በአንዴ ሀብት መሰለው፤ አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ ሰው ነበረው፤ ዛሬ በገዛ እጁ ጣለው።

ተነሥቶ በሩን ሊደበድብ እግሩን ሰበሰበ። የአደጋ ጊዜ መክፈቻው የት እንዳለ ያውቃል፤ አውቶቡሱን ከሚነዳው ወጣት ራስ በላይ ያለችው ቀይ መያዣ ናት፣ በሩን ለመክፈት ሦስት ሰከንድ ይበቃታል። በዚያች ሰዓት ነበር ከኋላው አንድ ድምፅ "ይሄ ሹፌር ተኝቷል እንዴ?" ያለው። ሌላው ሳቀ። አንዱ "ሞቶ ይሆናል" አለ። ሹፌሩ የራሱን ድምፅ ሰማ። "መንገዱ ተዘግቶ ነው እንጂ ምን ያድርግ ሰውየው? ክንፍ አውጥቶ ይብረር?" ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ ግን ወጣ። ፊት ያለው ወጣት ሹፌር በመስታወቱ አይቶት ራሱን ነቀነቀለት። ሹፌሩ መልሶ ተቀመጠ። ትንፋሹን ሊያሸንፈው አልታገለም፤ ሐኪሟ እንዳለችው ይመጣ እንደሆነ ይምጣ ብሎ ተወው። መጣም፣ ከዚያ በላይ የሚመጣበት እስኪያጣ ድረስ። ላቡ ጀርባውን አረጠበው፣ ጆሮው ጮኸ። ከዚያ፣ ማንም ሳያይለት፣ ማንም ሳያጨበጭብለት፣ ትንሽ ቀነሰ። ደግሞ ተመለሰ፣ ደግሞ ቀነሰ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ሹፌሩ አልወደቀም ነበር። አሥራ ዘጠነኛው ፌርማታ ላይ ወርዶ እግሩ እስኪጸና አንድ አጥር ተደግፎ ቆመ፤ ከዚያም ተሻግሮ የመመለሻውን ተሳፈረ።

በመልሱ መንገድ ሁሉ ለሚስቱ የሚላትን ሲያዘጋጅ መጣ። ሕፃን ነኝ ወይ? ይላታል። ስንት ሰው ነው በእኔ የሳቀው? ይላታል። ጡረተኛዋ ነርስ ሳይቀሩ! ንግግሩ እየጣፈጠው፣ ቃሉን እያስተካከለ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ከሕንፃው ሥር ደረሰ። ፀጉር አስተካካዩ ሱቁ በር ላይ ማበጠሪያ ይዞ ቆሟል፤ ውስጥ አንድ ደንበኛ ጨርቅ አንገቱ ላይ ታስሮ ግማሽ ጭንቅላቱ ተላጭቶ ይጠብቃል። "ጋሼ፣ እንዲህ ይደረጋል?" አለ፣ ሊያለቅስ ደርሶ። ሹፌሩ ሊመልስለት አፉን ሲከፍት "እኔን ተወኝ። ወደ ላይ ውጣና እሷን እያት። ሥራም አልገባችም" አለው።

ሚስቱ ሁለተኛውና ሦስተኛው ፎቅ መሃል ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። አንድ እግሯ ጫማ አለው፣ ሌላኛው ጫማ እጇ ላይ ነው። ለመውረድ ወጥታ መውረድም መመለስም እንዳቃታት ያስታውቃል። ከንፈሯ ነጥቷል። ትንፋሿ ከላይ ከላይ ነው፣ ጣቶቿ ተኮማትረዋል። ሹፌሩ ይህን ሁኔታ ከውጭ አይቶት አያውቅም፤ ከውስጥ ግን እያንዳንዷን ነገር ያውቃታል። ያዘጋጀው ንግግር ከየት እንደሚጀምር ጠፋው። ከእሷ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ።

"የት ነበርክ?"

"አውቶቡስ ላይ።"

"ሃያ ጊዜ ደወልኩልህ።"

"ሐኪሟ ጋ ትቼዋለሁ። በእቅዱ እንደዚያ ነው።" ምንም አልሆንኩም፣ ምንም አይሆንም ሊላት አማረው። ግን ስምንት ወር ሙሉ ሰው ሁሉ እንዲሁ ሲለው ነበር፤ አንድ ቀንም አልጠቀመውም። "ይመጣል፣ ይሄዳል። ዝም ብለሽ ቆዪው" አላት። ቆዩት። ከታች የፀጉር መቁረጫው ማሽን ድምፅ ይሰማል። አንድ ጎረቤት ዘምቢል ይዛ በመሃላቸው አለፈች፣ ሰላም አለቻቸው፣ ሁለቱም ሰላም አሏት። ትንፋሿ ሲረግብ፣ ጫማውን እያገላበጠች፣ እሱን ሳታይ ተናገረች።

"የዚያን ቀን የደወለልኝ ሰውዬ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? በአንተ ስልክ ነው የደወለው። 'ሹፌሩ ሞቷል፤ ዘመዱ ከሆንሽ መጥተሽ አንሺው' አለኝ። አንሺው! እንደ ዕቃ። ከልብስ ንጽሕና መስጫው እስከ ድልድዩ አርባ ደቂቃ ሮጥኩ። መንገዱ ተዘግቷል፣ መኪና የለ፣ ምን የለ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ባሌ ሞቶብኛል። ስደርስ መንገድ ዳር ቁጭ ብለህ ውሃ ትጠጣለህ።"

ሹፌሩ ይህን ሰምቶ አያውቅም። ያንን ቀን ሺህ ጊዜ ለሐኪሟ ተርኮታል፤ ውሃውን፣ የፕላስቲክ ኩባያውን፣ በሰው መሃል እየገፋች የመጣችውን ሚስቱን ሳይቀር። ፊቷ ግን እንዴት እንደነበር አያስታውስም፤ ያን ጊዜ የሚያየው የራሱን እጅ ብቻ ነበር።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተ ታመሃላ" አለች። ምንም የሚያስገርም ነገር እንደሌለበት ነው ያለችው። እጁን ያዘችና "ሁለተኛ እንዲህ አታደርገኝም፣ አይደል? ከእኛ ጋር ብትሄድ ምናለበት? ከሩቅ ነው፣ አንረብሽህም" አለችው።

እሺ ማለት እንዴት ቀላል ነበር! ለእሷም ለእሱም። ድልድዩ ላይ የፈለገው ያንኑ ነው፤ አንድ ሰው ብቻ፣ ከሩቅም ቢሆን። ሹፌሩ የያዘችውን እጁን አየ።

"ነገ አንድ ሰዓት ላይ ዴፖ እገባለሁ" አለ። "ብቻዬን ነው የምሄደው። ወንድምሽም ሱቁን ይክፈት።"

ጫማውን ደረጃው ላይ አስቀመጠች።

"ሐሙስ ደግሞ አብረሽኝ ትመጫለሽ፣ ዶክተሯ ዘንድ።"

"እኔ? እኔ ምን ሆኜ?" አለች ሚስቱ፣ የእጁ ጣቶች ደም አልባ እስኪሆኑ ድረስ ጨብጣ እንደያዘችው።